ከጃውስ ወደ ኤንቪዲኤ፦ የሥራ ስክሪፕቶችን ስለ ማሻገር

በመስቀል አደባባይ አካባቢ ለተሰበሰበ ሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ከዚህ አዳራሽ ወጥተን በእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ካዛንቺስ ብንወጣ መንገዱን ግራና ቀኝ የያዙት ሕንፃዎች በብዛት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። በነዚህ ቢሮዎች ውስጥ ዓይነ ስውራን ሠራተኞች አሉ። የሕግ ባለሙያ የሆኑ አሉ፣ ስልክ የሚቀበሉ አሉ፣ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ የሚሠሩ አሉ። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው ኪቦርዱን ብቻ ይዘው ሲሠሩ አይታችሁ ይሆናል። ማውዝ አይነኩም፣ አንዳንዶቹም ስክሪኑን ጭራሽ አያበሩትም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለ እነሱ ሥራ አንድ ክፍል ነው። ከውጭ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ እሱ የተበላሸ ዕለት ግን ሙሉ የሥራ ቀን ይቆማል።

ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ቁልፍ፣ ሳጥንና ዝርዝር እየለየ በድምፅ ይናገራል፤ የብሬይል ማሳያ ከተገጠመም በብሬይል ያወጣል። በአገራችን በስፋት የሚታወቁት ሁለት ናቸው። አንዱ ጃውስ ነው። መሥራቹ ቴድ ሄንተር አሜሪካዊ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በደረሰበት የመኪና አደጋ ዓይኑን አጣ፣ ከዚያ ፕሮግራም መጻፍ ተማረ፣ በ1987 ከቢል ጆይስ ጋር ኩባንያ አቋቋመ። የመጀመሪያው ጃውስ ለዶስ በ1989፣ የዊንዶውሱ ደግሞ በ1995 ወጣ። ሁለተኛው ኤንቪዲኤ ነው። እሱን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከራን የሚባል ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ሲሆን ብዙም ሳይቆይ ጄምስ ቴ የሚባል ሌላ ዓይነ ስውር ጓደኛው አብሮት ገባ። ኤንቪዲኤ በነፃ ይታደላል፤ ምንጩም ለሁሉም ክፍት ነው።

እዚህ አዲስ አበባ ብዙዎቻችን ኮምፒውተር የለመድነው በጃውስ ነው። ጃውስ ጠንካራ ፕሮግራም ነው፣ ይህን በማክበር እናገራለሁ። ግን ለመሥሪያ ቤት የሚሆነው ፈቃዱ ውድ ነው። ያለ ፈቃድ የሚሠራው የሙከራ ቅጂ ደግሞ ለ40 ደቂቃ ብቻ ይናገርና ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ግድ ይሆናል። ደብዳቤ ጀምሮ በ40ኛው ደቂቃ የሚቋረጥ ሰው ምን እንደሚሰማው አስቡት። ስለዚህ የፈቃዱ ጊዜ ያለፈበት፣ ኮምፒውተሩ የተቀየረበት ወይም ቢሮው በጀት የለኝም ያለው ሠራተኛ ወደ ኤንቪዲኤ ይሻገራል። ለዕለት ተዕለት ሥራ መሻገሩ ብዙም አይከብድም። ሁለቱም ኢንሰርት የሚባለውን ቁልፍ እንደ መሪ ይጠቀማሉ፤ የመስኮቱ ርእስ ኢንሰርትና ቲ ሲጫኑ ይነበባል፤ በድረ ገጽ ላይ ያሉ ሊንኮች በኢንሰርትና ኤፍ 7 ይዘረዘራሉ። ጣት የለመደው አብዛኛው ነገር እንዳለ ይቀጥላል።

የሚከብደው ስክሪፕቱ ነው።

እንበልና አንዲት እኅታችን የደንበኞች አገልግሎት ላይ ትሠራለች። ከፊቷ ያለው ፕሮግራም ሲሠራ ስለ እሷ ያሰበ ሰው ስላልነበረ ቁልፎቹ ስም የላቸውም። ስክሪን ሪደሩ ሲያልፍባቸው የሚለው "በተን፣ በተን፣ በተን" ብቻ ነው። የደንበኛው ስም ከላይ በቀኝ፣ የአቤቱታው ቁጥር ከታች በግራ፣ ጉዳዩ ያለበት ደረጃ ደግሞ በቀለም ብቻ ይታያል። አንድ የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ስክሪፕት፣ ማለትም ስክሪን ሪደሩ በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የሚነግር ትንሽ ፕሮግራም፣ ይጽፍላታል። ከዚያ ወዲያ ኮንትሮልና ሺፍትን ይዛ 1ን ስትጫን የደንበኛው ስም ይነበባል፣ 2ን ስትጫን የአቤቱታው ቁጥር፣ 3ን ስትጫን ደረጃው። አዲስ ጉዳይ ሲገባ ሳትጠይቅ ይነገራታል። ደንበኛው "ሃሎ" ብሎ ሳይጨርስ መልሱ ጆሮዋ ውስጥ ነው። ከጎኗ ከሚያየው ባልደረባዋ እኩል የምትሠራው በዚያ ስክሪፕት ምክንያት ነው። አለቃዋ ግን ስለ ስክሪፕቱ መኖር ላያውቅ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ሲቀየር ማንም "ይሄስ?" ብሎ የማይጠይቀውም ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው የስክሪፕቱን ፋይል በፍላሽ ቀድቶ አዲሱ ስክሪን ሪደር ፎልደር ውስጥ መጨመር ነው። ይህ አይሠራም። የጃውስ ስክሪፕት የራሱ የጃውስ ቋንቋ አለው፤ ኤንቪዲኤ ግን የሚያውቀው ፓይዘን የሚባለውን ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በዚያ ላይ ጃውስ ሁለት ዓይነት ፋይል ይይዛል። አንደኛው ሰው የሚያነበው ምንጩ ነው፣ ጄኤስኤስ በሚል ቅጥያ የሚያልቅ። ሁለተኛው ማሽኑ እንዲያነበው የተለወጠው ነው፣ ጄኤስቢ የሚለው። ለመሥራት ሁለተኛው ብቻ ይበቃል። እናም ጸሐፊው ሲጨርስ ሁለተኛውን ብቻ ትቶ ምንጩን በራሱ ላፕቶፕ ይዞ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ እሱ ሌላ አገር ነው፣ ላፕቶፑም የለም። የቀረው ፋይል ይሠራል እንጂ ምን እንደሚሠራ የሚያነበው ሰው የለም። ከዚህ ንግግር ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህን አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፦ ዛሬ ጃውስ የምትጠቀሙ ሰዎች፣ ነገ ለመሻገር ባታስቡ እንኳን፣ የስክሪፕታችሁ ምንጭ በእጃችሁ መኖሩን ዛሬውኑ አረጋግጡ። ፕሮግራሙ ውስጥ እያላችሁ ኢንሰርትና ኪውን ስትጫኑ ጃውስ የትኛውን የስክሪፕት ፋይል እየተጠቀመ እንደሆነ ይነግራችኋል። ኢንሰርትና 0ን ስትጫኑ ደግሞ ያንኑ ስክሪፕት ለንባብ ይከፍተዋል።

ምንጩ ከተገኘ በኋላስ? መስመር በመስመር ወደ ፓይዘን መመለስ ይቻላል፣ ዛሬ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ይመልሰዋል የሚልም አለ። ይመልሰዋል፤ የተመለሰው ግን በብዛት አይሠራም። ምክንያቱ ሁለቱ ፕሮግራሞች ስክሪኑን የሚያዩበት መንገድ ከሥሩ የተለያየ መሆኑ ነው።

ጃውስ በተወለደበት ዘመን ፕሮግራሞች ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት መንገድ አልነበራቸውም። ስለዚህ ጃውስ ኮምፒውተሩ በስክሪኑ ላይ የሚሥለውን ፊደልና ሥዕል እየጠለፈ የስክሪኑን ቅጂ በራሱ ማኅደር ያስቀምጥ ነበር። የዚያ ዘመን ስክሪፕትም በዚያው ቅጂ ላይ ይመላለሳል፦ "ደረጃ" የሚለውን ቃል ፈልግ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ሂድ፣ እዚያ ያለውን አንብብ፣ ወይም እዚያ ነጥብ ላይ ማውዙን አድርሰህ ጠቅ አድርግ። ኤንቪዲኤ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ሲመጣ ፕሮግራሞች መናገር ጀምረው ነበር። ማይክሮሶፍት ለዚህ የሚሆን የመጠያየቂያ ሥርዓት አውጥቶ ነበር፤ ፕሮግራሙ "እኔ ቁልፍ ነኝ፣ ስሜ አስቀምጥ ነው፣ አባቴ ይህ ሳጥን ነው" ብሎ መልስ የሚሰጥበት። ኤንቪዲኤ በዋናነት የሚደገፈው በዚህ መልስ ላይ ነው።

ካዛንቺስን በነጭ በትሩ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት አይቸገርም። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሰፈሩን ሲለውጠው "ከሱቁ ጥግ ወደ ግራ፣ ከዚያ አሥር እርምጃ" ብሎ የያዘው መንገድ ሱቁም ጥጉም ሲነሡ ዋጋ አጣ። የሚሄድበትን ሰው ስም የያዘ ግን ጠይቆም ቢሆን ይደርሳል። የድሮው የጃውስ ስክሪፕት በብዛት እርምጃ የተቆጠረበት ነው፤ የኤንቪዲኤው ስም ጠያቂ ነው። ጃውስን ላለመበደል፣ አዲሶቹ የጃውስ ስክሪፕቶችም ስም መጠየቅ ይችላሉ፣ በደንብ የተጻፉት እንዲያውም ይህንኑ ያደርጋሉ። ቢሮዎቻችን ውስጥ ያሉት ግን ብዙዎቹ የድሮዎቹ ናቸው፤ እነዚህን ለማሻገር ኮዱን ከመተርጎም በፊት እያንዳንዱ "ወደ ቀኝ ሂድ" ማንን ፍለጋ እንደሄደ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከተጠቃሚው ወንበር ነው። አጠገቧ ተቀምጦ አንድ ሙሉ ቀን መስማት። የትኛውን ቁልፍ ስንት ጊዜ ትጫናለች? የትኛውን ረስታዋለች? ሳትጠይቅ እንዲነገራት የምትፈልገው የቱ ነው፣ ሲነገራት የሚያሰለቻትስ? ይህን በአማርኛ በወረቀት ወይም በብሬይል መጻፍ። "ኮንትሮል ሺፍት 3፦ ጉዳዩ ያለበትን ደረጃ በአንድ ቃል ይናገር።" ከዚያ ወደ ኤንቪዲኤ ተሻግሮ፣ የሚፈለገው ነገር ላይ ቆሞ ኢንሰርትና ኤፍ 1ን መጫን። የዚያ ነገር ስም፣ ዓይነት፣ መለያ ቁጥርና ቦታ በዝርዝር ይወጣል። ብዙ ጊዜ ደስ የሚል ነገር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ጃውስ ላይ በ50 መስመር የተሠራው ኤንቪዲኤ ላይ 5 መስመር ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዴም ፕሮግራሙ ራሱ በአዲሱ ቅጂው ስለተሻሻለ ስክሪፕቱ ጭራሽ አያስፈልግም። ተቃራኒውም አለ። ፕሮግራሙ ምንም ካልመለሰ፣ ስሙ ባዶ፣ ዓይነቱ "ያልታወቀ" ከሆነ፣ ኤንቪዲኤ ላይ የሚጻፈው ስክሪፕት ከጃውሱ ይከብዳል።

ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ሁለት ነገር ልናገር፤ ሌሎቻችሁ ትንሽ ታገሡኝ። የመጀመሪያው የሰንሰለቱ ነገር ነው። ኤንቪዲኤ ውስጥ ፎከስ ከአንድ ሳጥን ወደ ሌላ ሲዛወር ወሬው በየደረጃው እየተላለፈ ይሄዳል፤ ስክሪፕታችሁ በመሐል ተቀብሎ የራሱን ካደረገ በኋላ ወደ ቀጣዩ ማስተላለፍ አለበት። ማስተላለፊያዋ ኔክስት ሃንድለር የምትባል አንድ መስመር ናት። እሷ ከተረሳች ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ኤንቪዲኤም ዝም ይላል። በዓይኑ ለሚሠራ ሰው ይህ ምንም አይደለም፣ ስክሪኑ አለለት። ለዓይነ ስውር ግን ዝምታ ማለት ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ይሁን፣ ፋይሉ ጠፍቶ ይሁን፣ ድምፁ ተነቅሎ ይሁን የማይታወቅበት ጨለማ ነው። በመደበኛው ቅጂ ላይ ኤንቪዲኤ ስሕተት ሲያጋጥመው ድምፅ አያሰማም፤ በሥራ ላይ እያላችሁ ከከፍተኛ ማስተካከያዎቹ ውስጥ ገብታችሁ ያሰማ በሉት። ሁለተኛው የጊዜ ነገር ነው። በጃውስ "ግማሽ ሴኮንድ ቆይ" ማለት የተለመደ ነው፤ ያንን ትእዛዝ እንዳለ ወደ ፓይዘን ብትወስዱት ኤንቪዲኤ ራሱ ግማሽ ሴኮንድ ይደርቃል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተጫነ ቁልፍ ሁሉ ይጠብቃል። "ከግማሽ ሴኮንድ በኋላ ይህን አድርግ" ብሎ ማስያዝና መቀጠል ነው የሚሻለው።

አሁን ወደ ሁላችንም ጉዳይ፣ ወደ ፊደላችን ልምጣ።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ቢሮዎቻችን የሚጽፉት በፓወር ግዕዝና መሰል ፎንቶች ነበር። እነዚህ ፎንቶች ትልቅ ውለታ ውለውልናል። የሚሠሩበት መንገድ ግን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝን ምስል መተካት ነው። ለዓይን "ሰላም" ይላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቅልቅል ነው፣ ስክሪን ሪደሩም የሚያነበው ያንን ቅልቅል ነው። ይህን ለማለፍ አንዳንድ ሰዎች የጃውስ መዝገበ ቃላት ውስጥ "ይህን ስታገኝ ያንን በል" እያሉ የድምፅ ምትክ ሲያስገቡ ኖረዋል። ብዙ ልፋት ነው። መዝገበ ቃላት ከስክሪፕት የበለጠ በቀላሉ ይሻገራል፤ በሁለቱም ስክሪን ሪደሮች ያለው የአንድ ቃልና የምትኩ ዝርዝር ነውና አንድ ትንሽ ፕሮግራም ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ሊለውጠው ይችላል። ልዩነቱ ጃውስ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የተለየ መዝገበ ቃላት ሲይዝ የኤንቪዲኤው ለሁሉም ወይም ለአንድ ድምፅ የሚሠራ መሆኑ ነው። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ትክክል የነበረ ምትክ በሌላው ውስጥ ቃል ያበላሻል።

ለድሮ ፎንት የተሠሩ ምትኮችን ግን አታሻግሯቸው እላለሁ። ሰነዱን ራሱን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይሻላል፤ ለዚህ የሚሆኑ መለወጫዎች አሉ። ሰነዱ የተጻፈው በምን እንደሆነ ለማወቅ በኤንቪዲኤም በጃውስም ኢንሰርትና ኤፍን መጫን ነው፣ የፎንቱን ስም ይናገራሉ። አንዴ ዩኒኮድ ከሆነ ኤንቪዲኤ ከዚያ በኋላ ያለውን ይችለዋል። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል። ብሬይል ማሳያ ላይም የኢትዮጵያ ብሬይል ሠንጠረዥ አለው። የኢስፒክ ድምፅ ብረት ብረት ይላል፣ መጀመሪያ ሲሰሙት ለጆሮ ይከብዳል። ማይክሮሶፍት ያወጣቸው መቅደስና አምሃ የተባሉት የአማርኛ ድምፆች ለስላሳ ናቸው፣ ግን የሚሠሩት በኢንተርኔት ነው፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ ዝም የሚል ድምፅ ደግሞ ለስክሪን ሪደር አይሆንም። ከጃውስ ጋር የሚታወቀው ኤሎኩዌንስ አማርኛ ጭራሽ አያውቅም። የስክሪፕቶቻችን መልእክቶች በእንግሊዝኛ የተጻፉት በዚህ ምክንያት ነው፦ "ሪከርድ ሴቭድ"፣ "ኖ ካስተመር"። በምናሻግርበት ጊዜ እነዚህን "ተመዝግቧል"፣ "ደንበኛ የለም" ማለት እንችላለን። ሥራዋን በአማርኛ የምትሠራ ሴት ኮምፒውተሯ በአማርኛ ሲያናግራት ምን ያህል እንደሚያፈጥናት የሰማ ሰው አይጠራጠርም።

ስክሪን ሪደሩ ራሱ ሲቋረጥ ስክሪፕቶቹ ምን እንደሚሆኑ የሚያሳይ አንድ የሩቅ ምሳሌ ላንሣ። ዊንዶው አይስ የሚባል ሦስተኛ ስክሪን ሪደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ለማይክሮሶፍት ኦፊስ 2010 እና ከዚያ ወዲህ ለወጡት ቅጂዎች ባለቤቶች በነፃ ተሰጠ፣ ብዙ ሰውም ተስፋ ጣለበት። እ.ኤ.አ. በ2017 ሠሪው ኩባንያ መሸጥ አቆመ። ተጠቃሚዎች ወደ ጃውስ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ ለዊንዶው አይስ የጻፏቸው ስክሪፕቶች ግን አልተከተሏቸውም። ኤንቪዲኤም ቢሆን የማይለወጥ አይደለም። 2019.3 በተባለው ቅጂው ከፓይዘን 2 ወደ ፓይዘን 3 ሲሸጋገር ብዙ ተጨማሪ ፕሮግራሞች እንደገና መስተካከል ነበረባቸው፤ አሁንም በየዓመቱ የሚወጣው የመጀመሪያ ቅጂ አሮጌዎቹን ሊያቆም ይችላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ምንጩ ክፍት መሆኑ ነው። ጸሐፊው ቢሄድ ሌላው አንሥቶ ያስተካክለዋል። ለእኔ ወደ ኤንቪዲኤ የመሻገር ትልቁ ምክንያት ከዋጋውም በላይ ይህ ነው። አንድ ሰው በካዛንቺስ የጻፈውን ሌላው በባሕር ዳር ወይም በጎንደር አንብቦ፣ ተምሮበት፣ አሻሽሎ ሊጠቀምበት ይችላል።

አሠሪዎችም እዚህ ካላችሁ አንድ ቃል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው ተስማሚ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያመቻች ያስገድዳል። ስክሪፕት ከዚያ መሣሪያ አንዱ ነው። ፕሮግራም ስትገዙ ወይም ስታሠሩ "ቁልፎቹ ስም አላቸው ወይ? በኪቦርድ ብቻ ይሠራል ወይ?" ብላችሁ በውሉ ውስጥ ብታስገቡ አብዛኛው ስክሪፕት መጻፉም ቀርቶ ነበር። ይህ ለሠሪው የሰዓታት ሥራ ነው፤ በኋላ በስክሪፕት ለመጠገን ሲሞከር ግን የወራት ይሆናል። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርን የመሰሉ ማኅበራትም የስክሪፕት ምንጮችን የሚያስቀምጡበት አንድ የጋራ መደብር ቢኖራቸው እመኛለሁ፤ ማን፣ መቼ፣ ለየትኛው ፕሮግራም፣ ለየትኛው ቅጂ እንደጻፈው በአማርኛ ከተመዘገበበት ጋር።

ለሚሻገሩ ሰዎች የመጨረሻ ምክር። ጃውስን በአንድ ቀን አትጣሉት። ኤንቪዲኤ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ይሠራል፤ የቢሮውን የኮምፒውተር ክፍል አስፈቅዳችሁ በትርፍ ሰዓት ሞክሩት። ሁለቱን ግን አንድ ላይ አታስነሡ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ ሲናገር አንዱንም አትሰሙም። አንድ ቁልፍ አሻግሩ፣ አንድ ሳምንት ሥሩበት፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው እለፉ። ከሁሉ ቀድሞ መሻገር ያለበት ደንበኛ ፊታችሁ ቆሞ ሳለ የምትጫኑት ቁልፍ ነው። በወር አንዴ የምትነኩት ሪፖርት እስከ መጨረሻው ሊቆይ ይችላል፤ ለእሱ ጃውስ በ40 ደቂቃው ይበቃል።